ልጄን ሆዱን አሞታል፤ ሲቲ ስካን ይነሳ?



በገጹ የውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄን ሆዱን በጣም አሞት ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ አልትራሳውንድ ብቻ አዘዘ። ለምን ሲቲ ስካን አላዘዘልንም? በግል ሄጄ ላስነሳው?» ሌሎች ወላጆች ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ «አልትራሳውንድ ተነስቶ ምንም የለም ተባልን። ልጄ ግን አሁንም ያቃስታል። ምን ይሻለናል?»

ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው። በሁለቱም ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማሽን ነው የሚል እምነት አለ። ይህ እምነት ልጆችን በሁለት በኩል ይጎዳል። በአንድ በኩል የማያስፈልግ ጨረርና የማያስፈልግ ወጪ ያመጣል። በሌላ በኩል ደግሞ «ኖርማል» የሚል ወረቀት ይዞ ቤቱ የተመለሰ ልጅ ትርፍ አንጀቱ እዚያው ቤቱ ሊፈነዳ ይችላል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ሆዱን በድንገት ለታመመ ልጅ መጀመሪያ የሐኪም እጅ ይቅደም፤ ምስል ካስፈለገ አልትራሳውንድ ይከተል፤ ሲቲ ስካን በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ ይነሳ። ምርመራው ጥርጣሬውን ካልፈታው ደግሞ ልጁ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደገና ይታይ። ይህ የመጨረሻው ምርመራ ጨረር የለውም፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው።

የሐኪም እጅ ምን ያያል?

«ዳበሰው እንጂ ምን መረመረው?» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ለልጅ ሆድ ግን መዳበስ ትልቅ ምርመራ ነው። በልጆች ላይ አስቸኳይ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የትርፍ አንጀት ሕመም (አፔንዲሳይተስ) ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ከሰዓታት በኋላ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ይወርዳል። ልጁ ምግብ ያስጠላዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ቆየት ብሎም ያተኩሰዋል። ሲያስለው፣ መኪናው ጎርባጣ መንገድ ላይ ሲያንገጫግጨው ወይም «በአንድ እግርህ ዝለል» ሲባል ቀኝ ጎኑን ይወጋዋል።

ሐኪሙ እነዚህን ምልክቶች ከነጭ የደም ሴል ቁጥር ጋር ደምሮ ነጥብ ይሰጣል። በልጆች ላይ ከሚሠራባቸው የነጥብ አሰጣጦች አንዱ ከ10 የሚቆጠር ነው። ነጥቡ 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ትርፍ አንጀት የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በፍጥነት ሊያየው ይገባል። ከ4 እስከ 6 ያሉት መሃል ላይ ናቸው። ምስል በጣም የሚጠቅመው ለእነዚህ መሃል ላይ ላሉት ልጆች ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሳይመረምር ምስል ቢያዝ ውጤቱን ከምን ጋር እንደሚያገናዝበው እንኳ አያውቅም።

ሌላም ምክንያት አለ። ልጅ «ሆዴን» ሲል ሕመሙ ሁልጊዜ ከሆድ አይደለም። የታችኛው የሳንባ ክፍል ምች ሲይዘው ሆዱን ሊያመው ይችላል። ስኳር እንዳለበት ያልታወቀ ልጅ ስኳሩ በጣም ሲወጣ በሆድ ቁርጠትና በትውከት ሊመጣ ይችላል፤ ይህን የሚለየው ከጣት የሚወሰድ አንዲት ጠብታ ደም ነው። የጉሮሮ ኢንፌክሽን እና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ሆድ ያሳምማሉ። በወንድ ልጅ ደግሞ የዘር ፍሬ መጠማዘዝ ሆዱን ብቻ የሚያመው ሊያስመስል ይችላል። ልጁ አፍሮ አይናገርም፣ ወላጅ አይጠይቅም፣ ሐኪሙም ሱሪውን ካላስወለቀው አያየውም። የዘር ፍሬን ለማዳን ያለው ጥሩ ጊዜ ደግሞ 6 ሰዓት ያህል ነው። እንዲህ ዓይነቱን ልጅ የሆድ ሲቲ ስካን ወረፋ ላይ ማቆየት የዘር ፍሬውን ሊያሳጣው ይችላል።

ከእናንተ የሚፈለግ መረጃ

በዚህ ምርመራ ግማሹን ሥራ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ እነዚህን አስታውሳችሁ ንገሩ፦

• ሕመሙ የጀመረው በስንት ሰዓት ነው? የት ላይ ጀመረ? ቦታ ቀይሯል?
• ትውከቱ ነው ወይስ ሕመሙ የቀደመው? በትርፍ አንጀት ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይቀድማል።
• የትውከቱ ቀለም ምን ዓይነት ነው? ሰገራው ደም አለው? መጨረሻ የተጸዳዳውስ መቼ ነው?
• ምን መድኃኒት ወሰደ? አንቲባዮቲክ ጀምሮ ከነበረ ሳትደብቁ ንገሩ፤ ምልክቱን ሊያደበዝዘው ይችላል።
• ጤና አዳም፣ ፌጦ ወይም ሌላ የባህል መድኃኒት ሰጥታችሁት ከሆነ አትፈሩ፣ ንገሩ። ማንም ሊቆጣችሁ አይገባም።
• ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ከሆነች የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ትጠየቅ። ከሐኪሙ ጋር ብቻዋን የምትነጋገርበት ጊዜም ይሰጣት።

አልትራሳውንድ ለምን ይቀድማል?

አልትራሳውንድ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው። ጨረር የለውም፤ ልጁን ማስተኛት አያስፈልግም፤ እናቱ አጠገቡ ሆና እጁን ይዛ ሊሠራ ይችላል፤ በቀን ሁለቴ ቢደገምም ጉዳት የለውም። ልጆች ደግሞ በአብዛኛው ቀጭን ስለሆኑ የሆዳቸው ውስጥ በአልትራሳውንድ ከትልቅ ሰው ይልቅ ጥሩ ሆኖ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ የኔዘርላንድ ራዲዮሎጂስት መሣሪያውን ሆድ ላይ ቀስ በቀስ እየተጫኑ ትርፍ አንጀትን መፈለግ እንደሚቻል አሳየ። ጤናማ አንጀት ሲጫኑት ይጨፈለቃል፤ የተቆጣ ትርፍ አንጀት ግን አብጦና ጠጥሮ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከ6 ሚሊሜትር ይበልጣል። ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ሲጫነው ልጁ ቢያለቅስ «ልጄን ጎዳው» አትበሉ፤ የሚያመው ነጥብ የት እንደሆነ ማግኘትም የምርመራው አካል ነው።

ከትርፍ አንጀት ሌላም ብዙ ያሳያል። አንጀት ወደ ራሱ ውስጥ ሲገባ (ኢንቱሰሰፕሽን) አልትራሳውንድ ወደር የለውም፤ በልምድ ባለው እጅ ከ100 ሕፃናት 98 ያህሉን ይለያል። ይህ ሕመም በብዛት የሚይዘው ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት ያሉትን ነው። ሕፃኑ በድንገት ይጮሃል፣ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይደክመዋል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ይጮሃል። በጊዜ ከተደረሰበት በፊንጢጣ በኩል አየር ወይም ፈሳሽ በመስጠት ያለ ቀዶ ሕክምና ሊመለስ ይችላል። ዘግይቶ ከመጣ ግን የሞተ አንጀት ቆርጦ ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። በሴት ልጅ የእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) መጠማዘዝን፣ የኩላሊትና የሐሞት ከረጢት ጠጠርን፣ የሆድ ውስጥ ንፍፊት ማበጥን፣ ተጠላልፎ አንጀት የዘጋ ወስፋትንም ሊያሳይ ይችላል።

አንድ ትንሽ ምክር፦ አልትራሳውንድ ሊነሳ የተዘጋጀ ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ ከምርመራው በፊት ሽንቷን ባትሸና ጥሩ ነው። የሞላ ፊኛ የታችኛውን ሆድ ለማየት ይረዳል።

«አልታየም» እና «የለም» አንድ አይደሉም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ለትርፍ አንጀት የተነሳ አልትራሳውንድ ሦስት ዓይነት መልስ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው፦ ትርፍ አንጀቱ ታየ፣ ተቆጥቷል። ሁለተኛው፦ ትርፍ አንጀቱ ከሥሩ እስከ ጫፉ ታየ፣ ጤናማ ነው። ሦስተኛው፦ ትርፍ አንጀቱ አልታየም። ሦስተኛው መልስ በጣም የተለመደ ነው። አንጀት ውስጥ ያለ አየር ይሸፍነዋል፣ ከትልቁ አንጀት ጀርባ ይደበቃል፣ ወይም ባለሙያው የልጅ ሆድ የማየት ልምድ የለውም።

ችግሩ ይህ ሦስተኛ መልስ ከራዲዮሎጂ ክፍል ወጥቶ ወላጅ ጆሮ እስኪደርስ «ምንም የለም» ወደሚል መቀየሩ ነው። ወላጅ ተደስቶ ልጁን ይዞ ይሄዳል። እውነቱ ግን «አላየሁትም» የሚል መልስ ነበር።

ቁጥር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2006 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ትርፍ አንጀት ካለባቸው 100 ልጆች አልትራሳውንድ 88ቱን፣ ሲቲ ስካን 94ቱን ያገኛሉ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ግን ሁለቱም 100 አይደሉም። አልትራሳውንድ ከ100 ወደ 12 ገደማ፣ ሲቲ ስካን ደግሞ 6 ገደማ ሊያመልጣቸው ይችላል። ልምድ በሌለው እጅ የአልትራሳውንዱ ቁጥር ከዚህም ይወርዳል።

ስለዚህ ውጤት ሲሰጣችሁ «ትርፍ አንጀቱ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ድፍረት አይደለም። ጥሩ ሐኪም ይህን ጥያቄ ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ሲቲ ስካንስ?

ሲቲ ስካን ግሩም ማሽን ነው። ፈጣን ነው፣ የሚያነሳው ባለሙያ እጅ ላይ እንደ አልትራሳውንድ አይመሠረትም፣ ጥልቅ መግል ሲኖር ቦታውን በትክክል ያሳያል። ዋናው ክፍያው ጨረር ነው። የአንድ ልጅ የሆድ ሲቲ ስካን ጨረር ሁላችንም ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ ከአንድ እስከ ጥቂት ዓመታት ከምናገኘው ጋር ይነጻጸራል። ማሽኑ ለልጅ ካልተስተካከለና ለትልቅ ሰው በተሞላው መጠን ከተነሳ ልጁ ከሚያስፈልገው በላይ ጨረር ይወስዳል። የልጅ ሴሎች ገና እየተከፋፈሉ ናቸው፤ ከፊቱም ረጅም ዕድሜ አለ። ስለዚህ ተመሳሳይ ጨረር ከትልቅ ሰው ይልቅ ልጅን ይጎዳል።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሜዲሲን በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በ9 የአውሮፓ አገሮች በልጅነታቸውና በወጣትነታቸው ሲቲ ስካን የተነሱ ወደ 950,000 ሰዎችን ተከታትሏል። ድምዳሜው ይህ ነው፦ በዛሬው የተለመደ መጠን ሲቲ ስካን ከሚነሱ 10,000 ልጆች መካከል በቀጣዮቹ 12 ዓመታት በጨረሩ ምክንያት በደም ካንሰር ሊያዙ የሚችሉት 1 ወይም 2 ናቸው።

ይህን ቁጥር በሁለት ዓይን እዩት። ለአንድ ልጅ አደጋው በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ምክንያቱን አስረድቶ «ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል» ካላችሁ ጨረር ፈርታችሁ እምቢ አትበሉ። የፈነዳ ትርፍ አንጀት ከዚያ ጨረር እጅግ የበለጠ አደገኛ ነው። በሌላ በኩል ሆዱን ላመመው ልጅ ሁሉ በዘፈቀደ ከተነሳ ግን ትንሿ ቁጥር በብዙ ሺህ ልጆች ትባዛለች። ምንም ሳይጠቀም የሚጎዳ ልጅ ይኖራል ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው የእኔ ተቃውሞ።

ሲቲ ስካን እኔም የምደግፍበት ጊዜ አለ። አልትራሳውንድ መልስ ሳይሰጥ ቀርቶ ልጁ ተደጋግሞ ሲመረመር ጥርጣሬው ካልጠፋ፣ ሕመሙ ቀናት አስቆጥሮ ሆድ ውስጥ መግል ቋጥሯል ተብሎ ሲታሰብ፣ ወይም ልጁ በመኪና ተገጭቶ አሊያም ከከፍታ ወድቆ ሆዱ ውስጥ ጉዳት ሲጠረጠር። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፣ ባለበት ቦታ ከሲቲ ስካን የተሻለ ሁለተኛ አማራጭ ነው። ግን በአገራችን በየቦታው አይገኝም፤ ትንንሽ ልጆችን ማስተኛትም ሊያስፈልግ ይችላል።

ስለ ተራ የሆድ ኤክስሬይ አጭር ቃል፦ አንጀት ተዘግቷል ወይም ተበስቷል ተብሎ ሲጠረጠር፣ ልጁ ሳንቲም ወይም ባትሪ ሲውጥ ይጠቅማል። የሆድ ድርቀት መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ ኤክስሬይ ማንሳት ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ምስል የማይጠበቅበት ጊዜ

አንዳንድ ልጅ ምስል እየተጠበቀለት ይጎዳል። ሆዱ እንደ ጣውላ የደረቀ፣ ሲነኩት የሚጮህ፣ ከንፈሩ የደረቀ፣ ልቡ በፍጥነት የሚመታ ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው በደም ሥር ፈሳሽ፣ አንቲባዮቲክ፣ የሕመም ማስታገሻ እና የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ሲቲ ስካን ያለው ሌላ ከተማ ነው ተብሎ ቀዶ ሕክምና የሚሠራበትን ሆስፒታል አልፎ መሄድ፣ ወይም «መጀመሪያ ምስሉን ይዛችሁ ኑ» ተብሎ በግል ማዕከል ወረፋ መቀመጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ትክክል አይደለም። የትርፍ አንጀት መፈንዳት ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል። ከ5 ዓመት በታች ያሉት ደግሞ ሕመማቸውን መግለጽ ስለማይችሉ ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ከፈነዳ በኋላ ነው።

ስለ ሕመም ማስታገሻ አንድ የቆየ እምነት አለ፦ «ማስታገሻ ከተሰጠው ሕመሙ ይደበቅና ሐኪሙ አያገኘውም።» ጥናቶች ይህን አይደግፉም። ሐኪም ዘንድ የደረሰ ልጅ ሕመሙ ሊታገስለት ይገባል። ሕመሙ የቀለለት ልጅ እንዲያውም ለመዳበስም ለአልትራሳውንድም የተሻለ ይተባበራል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ ማስታገሻ እየደጋገሙ ሐኪም ሳያሳዩ ቀን ማሳለፍ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አታድርጉ።

ከማሽኑ በፊት ያለው የእኛ ችግር

ስለ ሲቲ ስካን ስንከራከር በአገራችን በብዙ ልጆች ላይ ጊዜ የሚባክነው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ልጁ ሆዱን ያመዋል። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ይታያል። በማግስቱ አቅራቢያ ካለ ክሊኒክ ይሄዳል። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ይሠራና «ታይፎይድ አለበት» ይባላል፤ ወይም ሰገራ ታይቶ «አሜባ» ይባላል። መድኃኒት ይጀምራል። መድኃኒቱ እስኪሠራ እየተባለ ሁለትና ሦስት ቀን ያልፋል። በአራተኛው ቀን ሆዱ ተነፍቶ ሆስፒታል ይደርሳል።

አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል ታይፎይድን አያረጋግጥም። ቀድሞ በነበረ ኢንፌክሽን፣ በሌላ ሕመም ወይም በክትባት ምክንያት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ታይፎይድ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ፣ አንጀትም ሊበሳ ይችላል። የምለው፦ ሆዱን በድንገት የታመመ ልጅ ሳይዳበስ በወረቀት ብቻ ስም አይሰጠው። አሜባም ሆነ ጃርዲያ ሰገራው ውስጥ የተገኘበት ልጅ ትርፍ አንጀቱ ሊቆጣ ይችላል። አንዱ መኖሩ ሌላውን አያስቀርም።

ወላጆችም በቤት ውስጥ ልንጠነቀቅ ይገባል። በድንገት ያመመውን ሆድ አታሹ፣ አታሳሹ። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጡ። ወደ ሐኪም ስትወስዱት ጠንካራ ምግብ አታብሉት፤ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ የመጨረሻ የበላበትን ሰዓት ትጠየቃላችሁ።

የመመለሻ ሰዓት ይጻፍልን

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ሆዱን አሞት ሐኪም ዘንድ ከሚመጣ ልጅ አብዛኛው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ነገር የለበትም። የሆድ ድርቀት፣ ተቅማጥና ትውከት፣ በቫይረስ ምክንያት የሚመጣ የንፍፊት ማበጥ ነው፤ ይድናል። ትርፍ አንጀት ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እነዚህን ሁሉ ሊመስል ይችላል። በዚያ ሰዓት አልትራሳውንዱም ሲቲ ስካኑም ሊያመልጡት ይችላሉ። የሚለያቸው ጊዜ ነው። ቀላሉ ሕመም ከሰዓታት በኋላ ይቀላል፤ ትርፍ አንጀት ይብሳል።

ስለዚህ «ካልተሻለው ትመልሱታላችሁ» የሚለው ቃል አይበቃም። ወላጅ «ካልተሻለው» ሲባል ሦስት ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ሆዱን በድንገት ታሞ ጥርጣሬው ሳይጠራ ወደ ቤት የሚላክ ልጅ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ሰዓት ይጻፍለት፦ «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ተመልሶ ይታይ።» ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። ቢቻል ያው ሐኪም ይዳብሰው። ቤታቸው ሩቅ ለሆነ፣ ሌሊት መኪና ለማያገኙ ቤተሰቦች ደግሞ ልጁን እዚያው አሳድሮ ማየት ይሻላል።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «ክፍላችን ተጨናንቋል፣ ይህን ሁሉ ሕፃን ደግመን እንዴት እናያለን?» ይሉኛል። ጭንቀቱ እውነት ነው። ነገር ግን ተመልሶ የመጣን ልጅ መዳበስ ደቂቃዎች ይፈጃል። የፈነዳ ትርፍ አንጀት ደግሞ የቀናት አልጋ፣ የቀናት አንቲባዮቲክ፣ አንዳንዴም ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይፈጃል። የትኛው ነው ክፍሉን የሚያጨናንቀው?

ወላጆች፣ ሐኪሙ ሰዓት ካልጻፈላችሁ እናንተ ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ በስንት ሰዓት ልመልሰው?» ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ለምን ሲቲ ስካን አላዘዝክም?» ከሚለው የበለጠ ልጃችሁን ይጠቅማል።

ሰዓቱን ሳትጠብቁ ወዲያው የምትመልሱት መቼ ነው?

• ሕመሙ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ከወረደ፣ ወይም ልጁ ጎብጦ የሚራመድ፣ መራመድም የማይፈልግ ከሆነ
• ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፤ በተለይ በጨቅላ ሕፃን አረንጓዴ ትውከት የአንጀት መጠማዘዝ ሊሆን ስለሚችል ለሰዓታት እንኳ አይቆይም
• ሰገራው ደም ወይም ደም የቀላቀለ ንፍጥ ካለው
• ሆዱ ከተነፋ ወይም ከጠጠረ
• በብሽሽቱ በኩል የማይመለስ እብጠት ከወጣ፣ ወይም የዘር ፍሬው ካበጠና ካመመው
• ከፈዘዘ፣ ከደከመ፣ ሽንት መሽናት ከቀነሰ
• በጣም ያመው የነበረ ሕመም በድንገት ቀለል ብሎ ከዚያ ትኩሳቱ ከጨመረና ሆዱ ከተነፋ። ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ለአጭር ጊዜ የተሻለው ይመስላል፤ «ተመስገን ተወው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ

ውጭ አገር ለምትኖሩ

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌሎች አገሮች የምትኖሩ ወላጆችም «ሁሉ ነገር ባለበት አገር አልትራሳውንድ ብቻ አንስተው መለሱን» ብላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ንቀት አይደለም። ሲቲ ስካን በየሆስፒታሉ ባለባቸው አገሮችም ለልጅ ሆድ መጀመሪያ የሚመከረው አልትራሳውንድ ነው። እናንተም የምትጠይቁት ያንኑ ይሁን፦ ትርፍ አንጀቱ ታይቷል? መቼ እንመለስ? የሕመሙን ታሪክ በእንግሊዝኛ በደንብ መግለጽ ካስቸገራችሁ ደግሞ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አላችሁ። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። የታመመ ልጅ ስለ ራሱ ሕመም እናቱ ያየችውን ሊተረጉም አይችልም።

ለማጠቃለል

ሐኪም ሲቲ ስካን ስላላዘዘ ልጃችሁን ችላ ብሎታል ማለት አይደለም። ስላዘዘም የበለጠ አዋቂ ነው ማለት አይደለም። ጥሩ ሐኪም የምታውቁት ልጁን አስተኝቶ ሆዱን ሲዳብስ፣ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ሲያይ፣ ያልታየውን «አልታየም» ብሎ ሲነግራችሁ፣ የምትመለሱበትንም ሰዓት ሲጽፍላችሁ ነው።

ይህን ጽሑፍ ልጅ ላላቸው ወዳጆቻችሁ አጋሩ። ጽሑፉ ለግንዛቤ እንጂ ሐኪም ቀርቦ መታየትን አይተካም፤ ልጃችሁ አሁን ሆዱን እያመመው ከሆነ መልእክት አትጻፉልኝ፣ አቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ልጆቻችሁን ይማርላችሁ። ጤና ይብዛላችሁ!